27 ዋንጫ፣ ግን ከስንት? የቤዝቦል ክለብን ደረጃ በደብተር ማውጣት

ያንኪስ 27፣ ካርዲናልስ 11፣ ሬድ ሶክስ 9። የቤዝቦል ክርክር ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያልቃል። አንዱ የዋንጫ ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው አፉን ይይዛል። እኔ በዚህ አልረካም። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ጅማ ውስጥ የቡና ነጋዴዎችን መዝገብ እይዛለሁ። ነጋዴ መጥቶ «ዘንድሮ ግማሽ ሚሊዮን አተረፍኩ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ስንት አውጥተህ?» ብዬ ነው። ለዋንጫም ጥያቄዬ ያው ነው። 27፣ እሺ፣ ግን ከስንት?

ጅማ ቁጭ ብላ ቤዝቦል ምን አገባት ለሚል፣ ያስገባኝ ዘመድ ነው። ወንድሜ ሲያትል ይኖራል፤ የማሪነርስ ደጋፊ ነው፣ ምስኪን። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ሜሪላንድ ናት፤ የዋሽንግተን ናሽናልስን ነገር አታንሱባት። ጥቅምት ሲገባ የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ ሠርጉንም ለቅሶውንም ረስቶ ቤዝቦል ብቻ ይሆናል። ዳኛዋ እኔ ነኝ። ሩቅ ስላለች አታዳላም ብለው ነው መሰለኝ። ጨዋታው ኒው ዮርክ ላይ ምሽት ሁለት ሰዓት ሲጀመር እኛ ጋ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስለዚህ እኔ ጋ የሚደርሰው ጨዋታው ሳይሆን ጠዋት ተጠራቅሞ የሚጠብቀኝ የድምፅ መልእክት ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልጋችሁ አንድ የደብተር ገጽ፣ ማስመሪያ፣ እርሳስና የስልክ ካልኩሌተር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ የኛን አባ ጅፋር ሳነሳ ብቻ በኛ እቆጥራለሁ። ቁጥሩ እስከ 2025 ድረስ ያለው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ እዚያ መውረድ የለም

የእግር ኳስ ሰው ቤዝቦል ላይ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ በገባበት በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫ በላ። በ2014 ዓ.ም. ወረደ። ለኛ የክለብ ታሪክ ማለት ይህ ነው፤ ወጣ፣ ወረደ፣ ተመለሰ።

አሜሪካ ውስጥ በትልቁ ሊግ (ሜጀር ሊግ) 30 ክለቦች አሉ። የሚወርድም የሚወጣም የለም። የቺካጎ ዋይት ሶክስ በ2024 ከ162 ጨዋታ 121 ተሸነፈ። በዘመናዊው ሊግ ታሪክ እንዲህ የተሸነፈ የለም። በቀጣዩ ዓመት ምንም እንዳልሆነ እዚያው ሊግ ውስጥ ተጫወተ። ክለቡ ፍራንቻይዝ ነው፤ ባለቤቱ በሊጉ ውስጥ ቦታ አለው፣ ቦታውን ሽንፈት አይነጥቀውም።

ይህን ለሰፈራችን ለአንድ ጋሼ ብነግራቸው፣ አባ ጅፋር ሲወርድ የታመሙ ሰው ናቸው፣ «ታዲያ ምኑን ይፈሩታል ልጄ?» አሉኝ። የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። ባለቤቱ አንድ ቀን ጓዙን ጠቅልሎ ሌላ ከተማ ሊሄድ ይችላል። እሱን ወደ ኋላ እናየዋለን።

ዋንጫውን ለድርሻው አካፍሉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

ዋንጫው በዕጣ የሚሰጥ ቢሆን ብላችሁ አስቡ። 16 ክለብ ካለ የእያንዳንዱ ድርሻ በዓመት 1/16 ነው። 30 ክለብ ካለ 1/30 ነው። የአንድን ክለብ ድርሻ በየዓመቱ ስትደምሩ፣ ሳይጎብዝም ሳይሰንፍም በዕጣ ብቻ ስንት ዋንጫ ይደርሰው እንደነበር ታገኛላችሁ። ከዚያ እውነተኛውን ዋንጫ ለዚህ ታካፍላላችሁ። መልሱ 1 ከሆነ ክለቡ ድርሻውን አግኝቷል ማለት ነው። ከ1 በላይ ከሆነ በልጧል። ከ1 በታች ከሆነ ደጋፊው ቢያማርር እውነት አለው።

ትልቁ ሊግ ለሁለት ይከፈላል፣ አሜሪካን ሊግና ናሽናል ሊግ፤ የሁለቱ አሸናፊዎች ለዋንጫው የሚገናኙበት ወርልድ ሲሪዝ የተጀመረው በ1903 ነው። በ1904 አልተካሄደም፤ የኒው ዮርክ ጃይንትስ አልጫወትም አለ። በ1994ም ተጫዋቾች አድማ መትተው ቀረ። እነዚህን ሁለት ዓመታት ዝለሏቸው። አሁን ደብተሩ ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ፤ የክለብ ብዛት፣ የዋንጫ ብዛት፣ ድርሻ።

1903–1960፦ 16 ክለብ፣ 57 ዋንጫ፣ ድርሻ 3.56
1961፦ 18 ክለብ፣ 1 ዋንጫ፣ ድርሻ 0.06
1962–1968፦ 20 ክለብ፣ 7 ዋንጫ፣ ድርሻ 0.35
1969–1976፦ 24 ክለብ፣ 8 ዋንጫ፣ ድርሻ 0.33
1977–1992፦ 26 ክለብ፣ 16 ዋንጫ፣ ድርሻ 0.62
1993–1997፦ 28 ክለብ፣ 4 ዋንጫ፣ ድርሻ 0.14
1998–2025፦ 30 ክለብ፣ 28 ዋንጫ፣ ድርሻ 0.93

ድምሩ 5.99 ነው። 6 በሉት። ከመጀመሪያው ጀምሮ የነበሩት 16 ክለቦች እያንዳንዳቸው በዕጣ ብቻ 6 ዋንጫ ይደርሳቸው ነበር ማለት ነው። ይህን ቁጥር ሳገኝ ብዙ ነገር ጠራልኝ።

ያንኪስ 27 ሲካፈል ለ6፣ 4.5። ካርዲናልስ 1.83። ሬድ ሶክስ፣ አትሌቲክስና ዶጀርስ ሦስቱም 9 ዋንጫ ስላላቸው 1.5። ጃይንትስ በ8 ዋንጫ 1.33። ከ1908 እስከ 2016 ድረስ 108 ዓመት ዋንጫ ያላየው የቺካጎ ከብስ በ3 ዋንጫ 0.5። ፊላደልፊያ ፊሊስ በ2 ዋንጫ 0.33። ሁሉም ሰው የሚያዝነው ለከብስ ነው፤ መዝገቡ ላይ ግን በከብስ የሚቀኑ አሉ።

ዘግይተው የገቡትን ከገቡበት ዓመት ጀምራችሁ ብቻ ደምሩ። ቶሮንቶ ብሉ ጄይስ በ1977 ስለገባ ድርሻው 1.69 ነው። ሁለት ዋንጫ አለው፣ 1992 እና 1993። ስለዚህ 1.18። ከካርዲናልስ ጋር ዋንጫ ለዋንጫ ብታወዳድሩት ግን ያሳዝናል፣ 2 ለ11።

አሁን ደግሞ የያንኪስን 27 ለሁለት ክፈሉት። 20ውን የወሰደው እስከ 1962 ባለው ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ክለቦቹ ጥቂት ነበሩ። ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚያከፋፍለው ድራፍት የመጣው በ1965 ነው። ተጫዋች ውሉን ጨርሶ ወደፈለገበት የሚሄድበት በር የተከፈተው ደግሞ በ1975 መጨረሻ፣ በአንድ የሽምግልና ውሳኔ ነው። ከዚያ በፊት ክለቡ ካልለቀቀው ተጫዋቹ የትም አይሄድም ነበር። ሀብታም ክለብ አንዴ የያዘውን ይዞ ይኖራል።

ከ1963 ወዲህስ? ያንኪስ 7። ዶጀርስም 7። ይህን ግሩፑ ላይ ስልከው የአክስቴ ልጅ አላመነችም፤ ዓመት በዓመት ቁጠሪ አለችኝ። ያንኪስ፦ 1977፣ 1978፣ 1996፣ 1998፣ 1999፣ 2000፣ 2009። ዶጀርስ፦ 1963፣ 1965፣ 1981፣ 1988፣ 2020፣ 2024፣ 2025። የሚገርመው የ1963፣ የ1981 እና የ2024 ዋንጫ ላይ ዶጀርስ ያሸነፈው ራሱን ያንኪስን ነው። የ1977 እና የ1978ቱን ደግሞ ያንኪስ ከዶጀርስ ላይ ወሰደ። በዚህ ዘመን የአንድ ክለብ ድርሻ 2.3 ገደማ ስለሆነ ሁለቱም ሦስት እጥፍ ናቸው። ያንኪስ የዛሬም ትልቅ ነው፤ ብቻውን ግን አይደለም።

ማርሊንስ የሚባል ችግር

ማካፈል ብቻ በቂ ቢሆን እዚህ ላይ ደብተሬን እዘጋ ነበር። አይበቃም። ምክንያቱ ማያሚ ማርሊንስ ነው።

ማርሊንስ በ1993 ገባ። ድርሻው 1.07 ነው። በ1997 እና በ2003 ዋንጫ ወስዷል። 2 ሲካፈል ለ1.07፣ 1.87። ከካርዲናልስ በለጠ! ወንድሜ ይህን ሲያይ የሳቅ ድምፅ ብቻ ቀድቶ ላከልኝ።

ማርሊንስን ቀረብ ብላችሁ እዩት። በታሪኩ አንድ ጊዜ እንኳ ምድቡን አንደኛ ሆኖ ጨርሶ አያውቅም። ሁለቱንም ዋንጫ የወሰደው በዋይልድ ካርድ፣ ማለትም ከምድቡ ሁለተኛ ወጥቶ በተሰጠው የጥሎ ማለፍ ቦታ ገብቶ ነው። በ1997 ዋንጫ በበላ ማግሥት ባለቤቱ ውድ ውድ ተጫዋቾቹን ሸጠ። በ1998 ቡድኑ 54 አሸንፎ 108 ተሸነፈ። ዋንጫውን ያየ ሕፃን በዓመቱ ያንን ቡድን ፈልጎ አላገኘውም።

ስለዚህ አራተኛ ዓምድ አስምሩና «አዘቦት» ብላችሁ ሰይሙት። እዚህ የሚገባው የምድብ አንደኝነት፣ የአሜሪካን ወይ የናሽናል ሊግ አሸናፊነትና ከግማሽ በላይ ያሸነፈባቸው ዓመታት ናቸው። ያንኪስ 41 ጊዜ የአሜሪካን ሊግን አሸንፎ ወርልድ ሲሪዝ ደርሷል፤ 14ቱን ተሸንፏል። መሸነፉም መድረሱ ነው። አትላንታ ብሬቭስ ከ1991 እስከ 2005፣ የተቋረጠውን 1994 ሳንቆጥር፣ 14 ጊዜ በተከታታይ ምድቡን አሸነፈ። ከዚህ ሁሉ ያገኘው ዋንጫ የ1995ቱን አንድ ብቻ ነው።

የትኛውን ክለብ ትመርጣላችሁ፣ ማርሊንስን ወይስ ብሬቭስን? እኔ ዓይኔን ሳላሽ ብሬቭስ እላለሁ። 162 ጨዋታ ስድስት ወር የሚፈጅ ፈተና ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ ዙር ቢበዛ ሦስት፣ አምስት ወይ ሰባት ጨዋታ ነው፤ አንድ ጥሩ ወርዋሪ በጥሩ ሳምንቱ ከተገኘ ይገለብጠዋል።

ወንድሜን ያሳበደውም ይኸው ነው። ማሪነርስ በ2001 116 ጨዋታ አሸነፈ፣ 46 ብቻ ተሸነፈ። ከዚያ በአሜሪካን ሊግ ፍጻሜ ያንኪስ 4 ለ1 ሸኘው። በ2025ም ወርልድ ሲሪዝ ለመግባት አንድ ጨዋታ ሲቀረው ቶሮንቶ አስቀረው። ከ30ው ክለብ ወርልድ ሲሪዝ ረግጦ የማያውቅ እሱ ብቻ ነው። እኔ «116» የሚለውን ቁጥር በተኛሁበት ሁሉ እሰማዋለሁ።

አንድን የውድድር ዓመት ብቻ መመዘን ከፈለጋችሁ የቤዝቦል ቁጥር ተንታኙ ቢል ጄምስ ያወጣው ቀላል ቀመር አለ። ቡድኑ ያስቆጠረውን ነጥብ በራሱ አባዙ። የተቆጠረበትንም በራሱ አባዙ። የመጀመሪያውን ለሁለቱ ድምር አካፍሉ። 800 አስቆጥሮ 700 የተቆጠረበት ቡድን፣ 640,000 ሲካፈል ለ1,130,000፣ 0.566 ይሆናል። በ162 ስታባዙት 92 ድል ገደማ ይመጣል። ቡድኑ ከዚህ በጣም ካለፈ ዕድል ረድቶታል፤ በጣም ካነሰ ዕድል ከድቶታል። ለአንድ ዓመት ጥሩ ነው፣ ለመቶ ዓመት ታሪክ ግን አልጠቀምበትም።

ክለቡ ሲሰደድ ዋንጫው የማን ነው?

አትሌቲክስን እንውሰድ። ፊላደልፊያ ሳለ 5 ዋንጫ በላ። በ1955 ወደ ካንሳስ ሲቲ ሄደ፤ እዚያ ምንም አላገኘም። በ1968 ኦክላንድ ገባና 4 ወሰደ፤ ሦስቱን ከ1972 እስከ 1974 በተከታታይ። በ2024 መጨረሻ ኦክላንድን ለቀቀ። አሁን ሳክራሜንቶ በእንግድነት ተቀምጦ ላስ ቬጋስን ይጠብቃል። የሊጉ መዝገብ «9 ዋንጫ» ይላል። ኦክላንድ ላለ አባትና ልጅ ግን ቁጥሩ 4 ነው፣ ክለቡም የለም።

እኔ ሁለት መስመር እይዛለሁ፣ አንዱ ለክለቡ አንዱ ለከተማው። የክለቡ መስመር ሁሉንም ይደምራል። የከተማው መስመር እዚያ የተበላውን ብቻ ይይዛል። ብሬቭስ በቦስተን፣ በሚልዋኪና በአትላንታ ዋንጫ ስላገኘ ሦስት የከተማ መስመር አለው። ካርዲናልስ ግን 11ዱንም ሴንት ሉዊስ ላይ ነው ያገኘው፤ ክለቡና ከተማው አንድ መስመር ናቸው። ይህ ለኔ ትልቅ ነጥብ ነው።

የአክስቴን ልጅ ያስደሰታት ይህ ዓምድ ነው። ናሽናልስ እስከ 2004 ሞንትሪያል ውስጥ ኤክስፖስ ይባል ነበር። በ1994 74 አሸንፎ 40 ተሸንፎ ሊጉን ሁሉ ሲመራ አድማው መጣና ዓመቱ ተቋረጠ። በ2005 ዋሽንግተን ገባ፣ በ2019 ዋንጫ በላ። የክለቡ መስመር 1 ነው። የከተማው ግን 2፤ ምክንያቱም በ1924 ዋሽንግተን ሴኔተርስ ዋንጫ ወስዶ ነበር። ያ ክለብ በ1961 ሚኒሶታ ሄዶ ትዊንስ ሆነ፣ የ1924ቱንም ዋንጫ በስሙ ያስቆጥራል። «የኛን ነው ይዘው የሄዱት!» ትላለች። ያኔ ገና እናቷም አልተወለዱም።

ለጋሼም አባ ጅፋር ሌላ ከተማ ቢሄድ የ2010ሩ ዋንጫ የማን ይሆናል ብዬ ጠየቅኋቸው። ተቆጡ። «ቤተ መንግሥቱ ጅሬን ላይ ቆሞ፣ ስሙን ይዞ የት ይሄዳል?» አሉ። ኦክላንዶችም እንዲህ ሳይሉ አልቀሩም።

ከ1947 በፊት ያሉትን ዋንጫዎች አክብቡ

ይህን የሚዘሉ የደረጃ ዝርዝሮችን አላምናቸውም። እስከ 1947 ድረስ ሜጀር ሊግ ጥቁር ተጫዋች አያስገባም ነበር። ሚያዝያ ወር ላይ፣ በእነሱ ኤፕሪል 15፣ 1947፣ ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ሲሰለፍ ያ አጥር ተሰበረ። ያንኪስ ከዚያ ቀን በፊት 10 ዋንጫ ነበረው። እነዚህ ዋንጫዎች ግማሽ ያህሉ ጎበዝ በሩ ላይ ተከልክሎ የተበሉ ናቸው ብል ማጋነኔ ይሆናል፤ ስንት ጎበዝ እንደቀረ ማንም አይቆጥረውም። ስለዚህ አልቀንስም። በእርሳስ አከብባለሁ፣ አንባቢ እንዲያየው።

ከዚያ ሌላ ቁጥር ጎን ለጎን እጽፋለሁ፣ ክለቡ የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈበትን ዓመት። ዶጀርስ 1947። ያንኪስ 1955፣ ኤልስተን ሃዋርድ። ቦስተን ሬድ ሶክስ 1959፣ ፓምፕሲ ግሪን፤ ከሁሉም የመጨረሻው። ሬድ ሶክስ በ1945 ሮቢንሰንን ራሱን ፌንዌይ ሜዳቸው ላይ ፈትነው ሸኝተውት ነበር። በ1918 እና በ2004 መካከል 86 ዓመት ያለ ዋንጫ ሲቀሩ ኮከባቸውን ቤብ ሩትን ለያንኪስ መሸጣቸው እርግማን ሆነባቸው ይባላል። እኔ እርግማን ፍለጋ ያን ያህል ሩቅ አልሄድም።

የጥቁሮቹ ሊጎች ራሳቸው ደግሞ የራሳቸው ዓምድ ይገባቸዋል። ሜጀር ሊግ በ2020 ከትልቆቹ ሊጎች እኩል መሆናቸውን አምኗል። በ2024 ቁጥራቸው መዝገብ ውስጥ ሲገባ ጆሽ ጊብሰን በ.372 የመምታት አማካይ ታይ ኮብን በልጦ አንደኛ ሆነ።

ስለ ተጭበረበሩ ዋንጫዎች አጭር እሆናለሁ። ሂውስተን አስትሮስ በ2017 የተቃራኒው ቡድን ለወርዋሪው የሚሰጠውን የእጅ ምልክት በካሜራ እያነበበ የቆሻሻ በርሜል በመደብደብ ለመቺው ያሳብቅ ነበር። በ2020 5 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ ዋንጫው ግን አልተነጠቀም። እኔም አልነጥቅም፤ አጠገቡ «በርሜል» ብዬ እጽፋለሁ። የ2022 ዋንጫቸውን ያለ ምንም ማስታወሻ እቆጥራለሁ።

ብርም ዓምድ ይፈልጋል የሚሉ አሉ። ዶጀርስ ጃፓናዊውን ኮከብ ኦታኒን ለ10 ዓመት በ700 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞ 680 ሚሊዮኑን በኋላ እከፍላለሁ አለ። ደንበኞቼ እንዲህ ያለ ዱቤ እንዳለ እንዳይሰሙ እየጸለይኩ ነው። ደረጃው ውስጥ ግን አላስገባውም፤ ገንዘብ ሞልቶት ዋንጫ ያጣ ብዙ ነው።

የኔ ገጽ ምን ይላል

አንደኛ ያንኪስ፤ በየትኛውም አካፋይ አልወርድ አለኝ። ሁለተኛ ዶጀርስ፣ ለ1947ቱና ከ1963 ወዲህ ለያዘው። ብሩክሊንን ጥሎ መሄዱ ግን ከጎኑ ተጽፏል፤ 9ኙ ዋንጫ ሲከፈል ብሩክሊን 1፣ ሎስ አንጀለስ 8 ነው። ሦስተኛ ካርዲናልስ። አራተኛ ሬድ ሶክስ፤ በዚህ ክፍለ ዘመን 4 ዋንጫ በመውሰድ የሚቀድመው የለም፣ 1959 ባይኖር ሦስተኛ ባደረግኩት። አምስተኛ ጃይንትስ። አትሌቲክስ በዋንጫ ከጃይንትስ ቢበልጥም ስድስተኛ አድርጌዋለሁ፤ ሦስት ከተማ አስለቅሶ የሄደን ክለብ ከዚህ በላይ አላወጣውም። ይህ ሒሳብ ሳይሆን ፍርዴ ነው፣ እናንተ የራሳችሁን ፍረዱ።

ማሪነርስን መጨረሻ ላይ ሳስቀምጠው ወንድሜ ከግሩፑ ወጣ። እናታችን ደውላ መለሰችው።

ገጹን ለማደስ በየዓመቱ ወርልድ ሲሪዝ ሲያልቅ ለአሸናፊው 1 ዋንጫ ጨምሩ። ከዚያ ለ30ውም ክለብ ድርሻ ላይ 0.033 ጨምሩ። ዋንጫ የሌለውም ይጨመርበታል። የማሪነርስ ድርሻ አሁን 1.69 ነው፤ በሚቀጥለው ጥቅምት 1.72 ይሆናል።